«ግራፊክሱ 8 ጂቢ ነው» ተብዬ የገዛሁት ላፕቶፕ

ላፕቶፕ ልገዛ የወጣሁት መጋቢት 2016 ዓ.ም ላይ ነው። በእጄ 45 ሺህ ብር ነበር። የመሥሪያ ቤት እቁብ ወጥቶልኝ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ከደሞዜ ላይ እየቆነጠርኩ የጣልኩት ብር ስለሆነ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ይህን የምጽፈው እንደኔ ብሩ የተቆጠረ፣ ጌም የሚወድ፣ ስለ ኮምፒውተር ግን እምብዛም የማያውቅ ሰው ካለ እኔ የከፈልኩትን እንዳይከፍል ብዬ ነው።

«ለምን ዴስክቶፕ አልገዛህም?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እውነት ነው፣ በዚያው ብር ዴስክቶፕ ባስገጣጥም የተሻለ ጉልበት ያለው ማሽን አገኝ ነበር። ግን እኔ ተከራይ ነኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ቤት ቀይሬያለሁ። ክፍሌ ውስጥ ያለችው ጠረጴዛ አንድ ናት፣ ምግብም የምበላው እሷው ላይ ነው። መብራት ይጠፋል። ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ወር ሲዘጋ ላፕቶፕ ይዤ እወጣለሁ እገባለሁ። ለበዓል ደሴ ቤተሰብ ጋ ስሄድ ደግሞ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ኳስ መጫወት እፈልጋለሁ። እሱ ነገር ለእኔ ከጌም በላይ ነው፤ ልጅ ሆነን ሰፈር ውስጥ በሰዓት እየከፈልን ፕሌይስቴሽን የምንጫወተው አብረን ነበር። ስለዚህ በቦርሳ የሚገባ ማሽን ያስፈልገኝ ነበር። እናንተ ግን የማትለቁት ቤትና የራሳችሁ ጠረጴዛ ካላችሁ፣ ከሁሉ በፊት ዴስክቶፕን አስቡበት።

ስህተቴ የጀመረው ሱቅ ሳልገባ ነው። ምን መጫወት እንደምፈልግ ቁጭ ብዬ አላሰብኩም። አሁን ሳየው የምፈልገው ሁለት ሦስት ጌም ብቻ ነው። ኤፍሲ፣ ድሮ ፊፋ የምንለው፣ ጂቲኤ 5፣ አልፎ አልፎ ቫሎራንት። እያንዳንዱ ጌም ዝቅተኛ የሚፈልገው የኮምፒውተር አቅም በግልጽ ተጽፎ ይወጣል። ለኤፍሲ 24 ለምሳሌ ዝቅተኛው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል) ከ4 ጂቢ ሜሞሪ ጋር፣ 8 ጂቢ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) እና 100 ጂቢ ባዶ ቦታ ነው። ይህን ማንበብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ አላነበብኩም። ሱቅ ገብቼ «ጌም የሚያጫውት ላፕቶፕ አላችሁ?» ብቻ ነው ያልኩት። እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱ ሁሌም «አለ» ነው። «ኤፍሲ 24ን ያጫውታል? ግራፊክስ ካርዱ ስሙ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን ሌላ መልስ ያገኛል።

ሱቁ መገናኛ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ሻጩ ልጅ ጨዋ ነበር፣ ቡና ሁሉ ጋበዘኝ። አንድ ጥቁር ቀጭን ላፕቶፕ አወጣልኝ። «ኮር አይ 7 ነው ወንድሜ፣ ራሙ 16፣ ግራፊክሱ 8 ጂቢ። ምንም ጌም አይከብደውም» አለኝ። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ አላመንኩም፣ ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። «እስኪ አሳየኝ» አልኩት። የስክሪኑን ሴቲንግ ከፍቶ አንድ ትንሽ መስኮት አወጣና በጣቱ ጠቆመኝ። ጠቅላላ የግራፊክስ ሜሞሪ፣ 8 ሺህ ምናምን ሜጋባይት። በዓይኔ አየሁት። 42 ሺህ ብር ከፍዬ ወጣሁ።

ጌሙን አውርጄ ለመጨረስ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ሦስተኛው ቀን ማታ ከሥራ እንደገባሁ ከፈትኩት። ሜዳው መጣ፣ ተመልካቹ መጣ፣ ተጫዋቾቹ ግን ወንዝ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ነው የሚሄዱት። ኳሷ ትቆማለች፣ ትዘላለች፣ ትጠፋለች። ጥራቱን ዝቅ አደረግኩት፣ አሁንም ያው ነው። የመጨረሻው ዝቅታ ላይ አወረድኩት። የተጫዋቾቹ ፊት እስከማይለይ ድረስ ደበዘዘ፣ ግን መንቀራፈፉ አልተወውም። ወንድሜ ስልክ ላይ ሆኖ «እንዴት ነው? ይሠራል?» ይለኛል። «ገና እያስተካከልኩት ነው» አልኩት። እውነቱን ልነግረው አልቻልኩም።

በማግስቱ ሱቁ ተመለስኩ። ልጁ አሁን ቡና አልጋበዘኝም። «ችግሩ ከጌሙ ነው» አለኝ። «ዊንዶውሱን ቀይረው» አለኝ። በመጨረሻ «ከፈለግክ 25 ሺህ ጨምረህ በሌላ ልቀይርልህ» አለኝ። ደረሰኝ አልነበረኝም። «ጋራንቲ የአንድ ወር» ያለኝ በአፉ ነው፣ የትም አልተጻፈም። ከዚህ የወሰድኩት ቀላል ነገር ነው። ጋራንቲ ማለት ወረቀት ላይ የሰፈረ፣ የላፕቶፑ ሲሪያል ቁጥር ያለበት፣ ቀን የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ነው። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ነገሩ የተገለጠልኝ ፒያሳ አካባቢ ላፕቶፕ የሚጠግን አንድ ልጅ ጋ ስሄድ ነው። ሰው ጠቁሞኝ ነው የሄድኩት። ያንኑ ትንሽ መስኮት ከፈተው። «እዚህ ጋ ምን ይላል?» አለኝ። ጠቅላላ 8 ሺህ ምናምን። «ከሱ በታች ያለውንስ?» አለኝ። የራሱ የግራፊክስ ሜሞሪ፣ 128 ሜጋባይት። «በቃ፣ ያንተ ይህቺ 128ቷ ናት» አለኝ። የቀረው ከራሙ ላይ የሚበደረው ነው። ዊንዶውስ ያለህን ራም ግማሽ ያህል ግራፊክሱ በፈለገ ጊዜ እንዲዋስ ይፈቅድለታል። 16 ጂቢ ራም ካለህ 8 ጂቢ ይላል ማለት ነው። ልክ ከሰው ሊበደር የሚችለውን ብር እንደራሱ ሀብት እንደሚቆጥር ሰው በሉት። የእኔ ላፕቶፕ ላይ ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ ጭራሽ አልነበረም። ያለው ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና አእምሮ፣ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ነው። እሱ ለቢሮ ሥራና ለፊልም ይበቃል፣ ኤፍሲን ግን አይሸከምም።

ስለዚህ ይህን ያዙ። ሱቅ ውስጥ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ግቡና ወደ ታች ውረዱ። ብዙ ጊዜ ጌም የሚያጫውት ላፕቶፕ ሁለት ግራፊክስ አለው፣ ጂፒዩ 0 እና ጂፒዩ 1 ተብለው ይደረደራሉ። አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጣው ነው፣ ሌላው ራሱን የቻለው ካርድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኤንቪዲያ ወይም ኤኤምዲ። ራሱን በቻለው ላይ ጠቅ አድርጉና «ዴዲኬትድ» የሚለውን፣ ማለትም የካርዱን የራሱን ሜሞሪ፣ ቁጥር አንብቡ። «ሼርድ» የሚለውን፣ ከራም የሚበደረውን፣ እርሱት። ዴዲኬትዱ 4 ጂቢና ከዚያ በላይ ካልሆነ ለዛሬዎቹ ጌሞች አትክፈሉበት። ሻጩ ልጅ ለእኔ ያሳየኝ ያ የስክሪን ሴቲንግ መስኮት ደግሞ በሁለቱም በኩል ያሳስታል። ጥሩ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ላይ እንኳ ስክሪኑ የተያያዘው ከደካማው ግራፊክስ ጋር ከሆነ 128 ሊል ይችላል። ታስክ ማናጀሩን ነው ማመን።

ጠጋኙ ልጅ ያስተማረኝ ሁለተኛው ነገር ስለ «አይ 7»፣ ማለትም ስለ ኢንቴል ፕሮሰሰር ስም ነው። እኔ አይ 7 ሁልጊዜ ከአይ 5 የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር። የኔው አይ 7-6600ዩ ነበር። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ዩ» ልብ በሉ። ባትሪ እንዲቆጥብ ተብሎ የተሠራ፣ ሁለት ኮር (ሥራውን የሚሠራ ክፍል) ብቻ ያለው ፕሮሰሰር ነው። አይ 5-9300ኤች ግን ስሙ «5» ቢሆንም አራት ኮር አለው፣ የሚወስደው ኃይልም ሦስት እጥፍ ነው። ከፊት ካለው ቁጥር ይልቅ ትውልዱና መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ይበልጣል። ለጌም «ኤች» የሚለውን ፈልጉ። ትውልዱ ደግሞ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው፤ 6600 ስድስተኛ፣ 9300 ዘጠነኛ፣ 10300 አሥረኛ ትውልድ ነው። ከጥቂት ሞዴሎች በቀር ከስምንተኛ በታች የሆነውን ኢንቴል ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ላይ አብቅቷል። አሁን ገበያው ላይ ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ በርካሽ የሚታየው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ርካሽ ሆኖ ሲያጓጓችሁ ይህን አስታውሱ።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ይሄ ነው ትልቁ ጥፋቴ የምለው። ኪሳራውን መቀበል አቃተኝ። ላፕቶፑን ይዤ «ምናልባት አንድ ነገር ቢደረግ» እያልኩ ስጠብቅ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ። ባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። የላፕቶፕ ዋጋ ከፍ አለ። የኔውም አብሮ ጨመረ፣ በ43 ሺህ ሸጥኩት። በቁጥር ሲታይ አላጎደልኩም። ግን መጋቢት ላይ በ55 ሺህ ያየሁት ትክክለኛ የጌም ላፕቶፕ አሁን 70 ቤት ገብቷል። የተሳሳተ ዕቃ ከገዛችሁ በዚያው ሳምንት ሽጡት። እየቆየ ሲሄድ የሚሻል ነገር የለውም።

ላፕቶፑን የገዛችኝ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ናት። ከመክፈሏ በፊት «ለጽሑፍና ለቢሮ ሥራ በጣም ጥሩ ነው፣ ጌም ግን አያጫውትም» ብዬ በግልጽ ነገርኳት። እሷም የምትፈልገው ያንን ነበር። ደስ ብሏት ሄደች። ዕቃው መጥፎ አልነበረም፣ ለእኔ የማይሆን ነበር እንጂ።

ሁለተኛው ፍለጋ ላይ አልቸኮልኩም። መጀመሪያ ያደረግኩት አንድ የማይመስል ነገር ነው። ሁለት ኪሎ ተኩል ስኳር ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ጠዋት በታክሲ ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ ቢሮ፣ ማታም እንደዚያው ሳምንት ሙሉ ተመላለስኩ። የጌም ላፕቶፖች ብዙዎቹ 2.2 እና 2.5 ኪሎ መሃል ናቸው፣ ቻርጀራቸው ለብቻው ግማሽ ኪሎ ይጠጋል። ታክሲ ላይ ቦርሳ ጭን ላይ አድርጎ መቀመጥና ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት መቆም የተለያዩ ናቸው። እኔ ቻልኩት። የማትችሉት ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ብታውቁት ይሻላል። ቀለል ያለ ከፈለጋችሁ ኤምኤስአይ ጂኤፍ63 የሚባለው 1.86 ኪሎ ነው። ሌላው መንገድ ፕሮሰሰሩ የኤኤምዲ ራይዘን 6000 ትውልድ ሆኖ ራዲዮን 680ኤም የሚል ግራፊክስ ያለበት ላፕቶፕ ነው። እሱ ራሱን የቻለ ካርድ ሳይኖረው ቀላል ቀላሉን ጌም በደንብ ያስኬዳል፣ ሲሸከሙትም አይከብድም። እኛ ገበያ ላይ ግን እንደ ልብ አይገኝም።

ቀጥሎ የግራፊክስ ካርዶቹን ደረጃ አጠናሁ። ይህን በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብሩ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ኤምኤክስ የሚል ስም ያላቸው፣ ኤምኤክስ 250፣ ኤምኤክስ 350፣ እውነተኛ ካርድ ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዴዲኬትድ 2 ጂቢ ያሳያሉ። ነጋዴው አልዋሸም ማለት ነው። ግን ለጌም ተብለው የተሠሩ አይደሉም። ኳድሮ የሚሉት ደግሞ የዲዛይን ሥራ ላፕቶፖች ላይ ናቸው። አንዳንዶቹ ጌም በደንብ ያጫውታሉ፣ ዋጋቸውም ይቀንሳል፣ ግን ከባድ ናቸው፣ ሞዴሉንም አንድ በአንድ ማጣራት ይፈልጋል። ለእኔ አቅም መነሻው ጂቲኤክስ 1650 ሆኖ አገኘሁት። 4 ጂቢ ነው፣ ከኤፍሲ ዝቅተኛ መስፈርት በላይ ነው። ከሱ በላይ ጂቲኤክስ 1660 ቲአይና አርቲኤክስ 2060 አሉ፣ ሁለቱም 6 ጂቢ ናቸው። ብሩ ከተገኘ እነሱ ናቸው።

አርቲኤክስ 3050 ላይ ግን ቆም በሉ። ስሙ አንድ ሆኖ ጉልበቱ የተለያየ ነው። አምራቹ እንደ ላፕቶፑ ውፍረት ከ35 እስከ 80 ዋት ኃይል ይመድብለታል። 35 ዋት የተሰጠው ቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ ያለው 3050 እና 80 ዋት የተሰጠው ወፍራሙ ውስጥ ያለው 3050 በስም እንጂ በሥራ አይገናኙም። ካርዱን ብቻ ሳይሆን የላፕቶፑን ሙሉ ሞዴል ጽፋችሁ ፈልጉ። እኔ የመረጥኳቸውን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ሌኖቮ አይዲያፓድ ጌሚንግ 3፣ ኤችፒ ፓቪሊዮን ጌሚንግ 15፣ ኤሰር ናይትሮ 5፣ አሱስ ተፍ፣ ዴል ጂ3። ከዚያ ውጭ ነጋዴ ሲያመጣልኝ «አመሰግናለሁ» ብዬ እወጣለሁ። ወረቀቷ በጣም ረዳችኝ። ሱቅ ውስጥ ሰው ሲያዋራችሁ ራስ ይዞራል፣ የጻፋችሁት ግን አይዞርም።

በዚህ መሃል ሁለት ጊዜ ልሳሳት ነበር። አንዱ ቴሌግራም ላይ ነው። ፎቶው ያማረ፣ ዋጋው ከገበያው 15 ሺህ የሚያንስ ላፕቶፕ አየሁ። ሰውየው «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ 5 ሺህ ቀብድ ላክና ላስቀምጥልህ» አለኝ። ልልክ ስልኬን ይዤ ነበር። ወንድሜ ነው ያስቆመኝ። «ዕቃውን ሳታየው?» አለኝ። «መጥቼ አይቼ ሙሉውን በካሽ ልክፈል» ብዬ ስጽፍለት መልስ አልሰጠኝም። ያላያችሁት ዕቃ ላይ አንድ ብር አትላኩ። የሌላ ሰው መምጣት አያስደንግጣችሁ። ላፕቶፕ ሁሌ አለ።

ሁለተኛው አካሉ ያለ፣ በዓይኔ ያየሁት ላፕቶፕ ነው። ሞዴሉ ወረቀቴ ላይ ካሉት አንዱ ነበር። ጌም ከፈትንበት፣ ጥሩ ጀመረና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መንቀራፈፍ ያዘ። ደግሞ ገርሞኝ ሳየው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ባትሪው እየቀነሰ ነው። ቻርጀሩን ገልብጬ ጽሑፉን አነበብኩ። 20 ቮልት፣ 3.25 አምፔር። ሁለቱን አባዙት፣ 65 ዋት ነው። ላፕቶፑ የሚፈልገው 135 ዋት፣ ማለትም 20 ቮልት በ6.75 አምፔር ነው። ኦሪጅናል ቻርጀሩ የሆነ ቦታ ቀርቶ በሌላ ተተክቷል። ላፕቶፑ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ግን በዚያ ቻርጀር ማረጋገጥ አልችልም። ትክክለኛውን ቻርጀር ስጠይቅ «እሱ ለብቻው ነው» ተባልኩ። ወጣሁ። ያገለገለ የጌም ላፕቶፕ ስትገዙ ቻርጀሩን የላፕቶፑ ግማሽ አካል አድርጋችሁ ቁጠሩት።

ኅዳር 2017 ዓ.ም ላይ ቦሌ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ የፈለግኩትን አገኘሁ። ከአሜሪካ የመጣ፣ ያገለገለ፣ አይ 5-10300ኤች፣ ጂቲኤክስ 1650፣ 8 ጂቢ ራም፣ 256 ጂቢ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ)፣ ቻርጀሩ የራሱ። 75 ሺህ ጠርተው በመጨረሻ 72 ላይ ተስማማን። ከመክፈሌ በፊት ግን ያን የፒያሳውን ጠጋኝ ልጅ 500 ብር ከፍዬ አብሮኝ እንዲመጣ አደረግኩ። በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ ካወጣሁት ብር ሁሉ በጣም የጠቀመኝ ያ 500 ብር ነው። ኮምፒውተር የሚያውቅ ጓደኛ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ፣ ከሌላችሁ ለባለሙያ ክፈሉ።

ልጁ ፍላሽ ይዞ ነው የመጣው። ባለሱቋን «ለአንድ ሰዓት ያህል ልንፈትሸው እንችላለን?» ብለን ጠየቅናት። «ጊዜያችሁን ውሰዱ» አለችና ወንበር ሰጠችን። ለእኔ እዚያው ላይ ግማሽ መተማመኛ አገኘሁ። ለመፈተሽ የሚከለክል ሻጭ ካጋጠማችሁ ምክንያቱን አትጠይቁ፣ ውጡ።

መጀመሪያ አጥፍቶ አስነሳውና ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ሴቲንግ ውስጥ፣ ገባ። የድርጅት ንብረት የነበሩ ላፕቶፖች አንዳንዴ ባዮሳቸው በፓስወርድ ተቆልፎ ይመጣል፣ ወይም ኢንተርኔት ሲያገኝ የድሮው መሥሪያ ቤት መግቢያ ይወጣባቸዋል። ከዚያ ፈርማርክ የሚባል ግራፊክስ ካርዱን እስከ ጥግ የሚያሠራ ፕሮግራም ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ተወው፣ ጎን ለጎን ሙቀቱን በኤችደብሊው ኢንፎ እያየ። ካርዱ 78 ዲግሪ ላይ ቆመ። ፋኑ ይጮሃል፣ ግን ድምፁ እኩል ነው፣ አያንቋቋም። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚጠፋ፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር የሚያወጣ ላፕቶፕ ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አይሆንም። ለሦስት ደቂቃ ጌም ከፍቶ ማየት ምንም አይነግራችሁም። ላፕቶፕ እስኪሞቅ ድረስ ሁሉም ጥሩ ነው።

ሙቀቱን እየጠበቅን ሌላውን አየን። ዊንዶውሱ ራሱ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት አለ፤ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። የኔው 71 በመቶ ያህል ቀርቶታል። ይህን ይዘን ነው ከ75 ወደ 72 ያወረድነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ደግሞ የኤስኤስዲውን ጤንነትና ስንት ሰዓት እንደሠራ ይናገራል። ኪቦርዱን አንድ በአንድ ተጫንን። ክዳኑን ደጋግመን ከፍተን ዘጋን፣ መታጠፊያው አካባቢ ስንጥቅ ካለ ቆይቶ ስክሪኑን ይዞት ይሄዳል። ባለሱቋ ሲሪያል ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ ጻፈች፣ የአንድ ወር ጋራንቲ ብላ ማኅተም አደረገችበት።

ቤት ገብቼ ኤፍሲን ስከፍተው ሜዳው ላይ ልጆቹ ሮጡ። ወዲያው ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ስክሪኑ ላይ አድርጌ አሳየሁት፣ ሁለታችንም ዝም ብለን አየን።

ብሩን ጨርሳችሁ አትግዙ። እኔ በዚህኛው ዙር 7 ሺህ ብር አስቀርቼ ነበር፣ እሱም ሥራ ሠርቷል። ላፕቶፑ 8 ጂቢ ራሙ በአንድ ቁራጭ ነበር፣ ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው። ተመሳሳይ 8 ጂቢ ጨመርኩበት። 16 መሆኑ ብቻ አይደለም ጥቅሙ፤ ሁለት ቁራጭ ሲሆኑ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ነው የሚያነበው፣ ጌሙ ላይ የነበረው ድንገት ድንገት የሚመጣ መቆራረጥ ጠፋ። ከዚያ ውስጡን አስጸዳሁና የደረቀውን ፔስት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩና ካርዱ ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ፣ አስቀየርኩ። ፋኑ ውስጥ የወጣው አቧራ ብርድ ልብስ ይመስል ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ፋን ሙቀት ይዞ የሚወጣበት አቅም ከቆላው ያንሳል። ስለዚህ በዓመት አንዴ ማስጸዳት እኛ ጋ ቅንጦት አይደለም። አልጋ ላይ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አድርጋችሁ አትጫወቱ። እኔ ከኋላ በኩል ሁለት የአምቦ ውሃ ክዳን ከታች አድርጌ ከፍ አደርገዋለሁ፣ አየር ይገባበታል፣ አምስት ዲግሪ ያህል ይቀንስልኛል።

ስለ መብራትም አንድ ነገር ልበል። የጌም ላፕቶፕ በባትሪ ብቻ ሲሆን ጉልበቱን በራሱ ይቀንሳል፣ ባትሪውም አንድ ሰዓት አካባቢ ቢይዝ ነው። ባትሪው ጌሙን ሴቭ አድርጋችሁ በሰላም እንድትዘጉ ነው የሚጠቅማችሁ። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉት። ተመልሶ ሲመጣ ወዲያው አትሰኩ፣ ትንሽ ይረጋጋ። ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር ላይ «100-240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ መኖሩን አረጋግጡ፣ የኛ 220 ነው። ጠፍጣፋ ጥርስ ያለውን ገመድ ደግሞ በሚወላወል አዳፕተር ከመሰካት ለኛ ሶኬት ልክ የሆነ ገመድ ግዙለት። ገመዱ ከቻርጀሩ ይነቀላል፣ ዋጋውም ብዙ አይደለም። እኔ አዳፕተሩ ሲፈነጥቅ አይቼ ነው የቀየርኩት።

ለገና ደሴ ይዤው ሄድኩ። ወንድሜ ሦስቱንም ቀን አሸነፈኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለልጇ ላፕቶፕ ልትገዛ ሄዳ ከሱቅ ውስጥ ደወለችልኝ። «8 ጂቢ ግራፊክስ ነው አሉኝ፣ ልክፈል?» አለችኝ። ቁልፎቹን ነገርኳትና ታስክ ማናጀሩን ከፈተች። «ወደ ታች ውረጂ፣ ስንት ጂፒዩ አለ?» አልኳት። «አንድ ብቻ፣ ጂፒዩ 0» አለች። «ዴዲኬትድ የሚልስ?» «የለም። ሼርድ ነው የሚለው።» አመስግና እንድትወጣ ነገርኳት። ማታ 12 ሰዓት ላይ ከሌላ ሱቅ ፎቶ ላከችልኝ። ጂፒዩ 1 ይላል፣ ከሥሩ ዴዲኬትድ 4.0 ጂቢ። «ቻርጀሩንም ገልብጠሽ አንብቢ» ብዬ ጻፍኩላት።